ሰባተኛው ደረጃ ሲጢጥ ሲል

እትዬ የእንግዳን ጠባይ የምታውቀው ደረጃ ሲወጣ ነው። እንግዳው በመጣበት ቀን ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ከኋላው ትከተለዋለች፤ አንዲት ቃል አትተነፍስም። አሥራ አራቱን የእንጨት ደረጃዎች ጨርሶ ክፍሉ ሲገባ ወደ ኩሽና ተመልሳ ፍርዷን ትሰጣለች። «ይኼኛው ተረከዙን ነው የሚያስቀድመው፤ እንቁላሉ ጠንክሮ ይቀቀልለት።» ወይም ደግሞ «ይቺ በጣቷ ነው የምትረግጠው፤ ለስለስ ያለ ትወዳለች።» ታናሽ ወንድሟ ነኝና መሳቅ መብቴ ነው፤ እስቅባታለሁ። ጠዋት እንግዳው እንቁላሉን ልጦ ሲቀምስ «እንዴት አወቃችሁ?» ይላል፤ ያኔ ሳቄን ከዳቦዬ ጋር እውጠዋለሁ። የእኔ እንቁላል ሁልጊዜ ጠንካራ ነው። «አንተ ስትረግጥ መሬቷ ይቅርታ እንድትጠይቅህ ነው የምትፈልገው» ትለኛለች።

ቤታችን አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከግንቡ በር ሦስተኛው ነው። መንገዱ የድንጋይ ንጣፍ ሆኖ ጠባብ ነው፤ ጃንጥላ የያዙ ሁለት ሰዎች ከተገናኙ አንዱ ማጠፍ አለበት። ላይ አራት መኝታ ክፍሎች አሉ። ታች የምግብ ክፍሉና ኩሽናው፣ ከኩሽናው ጎን የእትዬ መኝታ፣ በጓሮ በኩል ደግሞ የእኔ ክፍል። እናታችን ካረፈች በኋላ ነው እትዬ የላዩን ክፍሎች ለእንግዳ የከፈተችው። አልጋና ቁርስ፣ ሌላ ነገር የለም። ታላቅ ወንድማችን ጋሼ ያኔ ተቆጥተው ነበር። «የማታውቂውን ሰው በእናትሽ አልጋ ልታስተኚ ነው?» አሏት። «ደረጃውን እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው የማላውቀው» አለቻቸው።

ይህ ቤት ሰው ያፈዛል። ጠዋት ጠዋት ከወንዙ የሚነሳው ጉም መንገዱን ይሞላና በመስኮቶቹ ሥር ቆሞ ይቀራል። ብርሃኑ በአረንጓዴው መጋረጃ ተጣርቶ ሲገባ የምግብ ክፍሉ ከውሃ በታች ያለ ይመስላል። አንድ ሌሊት ሊያድር የመጣ ሰው ሦስት ሌሊት ያድራል፤ ለምን ብትሉት አያውቅም። እንግዶች የትራስ መስመር ጉንጫቸው ላይ እንደታተመ ይወርዳሉ፣ ቤቱ ተኝቶ እንዳይነቃባቸው የፈሩ ይመስል በሹክሹክታ ያወራሉ። አሮጌውን ግንብ ሊለካ የመጣ አንድ ቀያሽ አለ። ሥራው ሜትርና ሴንቲሜትር የሆነ ሰው፣ ስኳር ሻይ ውስጥ ሲሟሟ ቁጭ ብሎ ያያል።

እኔ ግን አልፈዝም፤ ሙያዬ አይፈቅድም። ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አራሚ ነበርኩ። የሌላ ሰው ስህተት ስለቅም ኖሬ ጡረታ ወጣሁና እህቴ ዘንድ ገባሁ። አንሶላ አጥባለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ፣ ማታ ማታ እንግዶች መዝገቡ ላይ የጻፉትን ለእትዬ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ጡረታው እንዳይሰለቸኝ ብላ የፈጠረችልኝ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔ ግን አያርፍም፤ የተጣመመ ሥዕል፣ የላላ ቁልፍ፣ ጫፉ የተተረተረ ፎጣ ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እትዬ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ፈዛዛ ናት። ስታናግራት ትከሻህን አልፎ የሚሄድ አንድ ነገር ታያለች። እናታችን «ይቺ ልጅ ቁጭ ብላ ነው የምትሄደው» ትል ነበር። ባለፉት ሦስት ዓመታት መፍዘዟ ሲብስ፣ ጠባይዋም አብሮ ሲከር እርጅና ነው አልኩ። ወንበር ከቦታው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ካለ ትቆጣለች። ቢላዋ ከመሰቀያው፣ ጨው ከመደርደሪያው ሦስተኛ ቦታ ከታጣ ያ ቀን ለእኔ ቀን አይደለም። «እትዬ፣ ይኼ ቤት ነው ወይስ የወታደር ሰፈር?» እላታለሁ። «መልሰህ አስቀምጥ» ትለኛለች፤ መልሱ ይኼው ነው።

የቤቱ ትልቁ ሕግ ግን የእንቁላሉ ነው። ደረጃው አርጅቷልና እያንዳንዱ እንጨት የራሱ ድምፅ አለው። ከላይ ሲወረድ ሁለተኛው ያቃስታል፣ ዐሥራ አንደኛው ቋ ይላል። ሰባተኛው ግን ሲጢጥ ነው፤ ግንቡ በር ድረስ ይሰማል። እትዬ ኩሽና ሆና ያን ሲጢጥታ ስትሰማ እንቁላሉን የሚፈላው ውሃ ውስጥ ትከታለች። እንግዳው ወርዶ፣ የጓሮውን በር ከፍቶ ሰማዩን አይቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሻዩን ቀድቶ ሁለቴ ፉት ሲል እንቁላሉ ፊቱ ይደርሳል። ለሁሉም ልክ ነው፤ በሰዓት ለክቼ አይቻለሁ። «እንግዳ ተቀምጦ ከጠበቀ ሆቴል ሆነ ማለት ነው» ትላለች። «ሲቀመጥ ከደረሰለት ቤቱ ነው።»

በዚህ መሐል ጋሼ ደወሉ። ሳምንት ሊቀመጡ ይመጣሉ። በእሳቸው ቤት፣ ምድር ላይ፣ ወደ አትክልቱ የምትከፈት ክፍል አሰናድተዋል፤ ለእትዬ ነው። «ዕድሜዋ ስልሳ ስምንት ሞላ፣ የሰው አልጋ ማንጠፍ ይብቃት። ቤቱን ዘግተን ይዣት እመለሳለሁ» አሉኝ። ክፋት የላቸውም፤ ይወዱናል፣ አባት ሆነው ነው ያሳደጉን። ውርሱም በስማቸው ነው፤ የጋሼ ቃል ከወጣ አልቋል።

ለእትዬ ነገርኳት። አንዱን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አጠበችው። ከዚያ «ከዚህ ቤት ካወጡኝ ሞቼ ነው» አለች። «ሌላ ቤት አልችልም። ንገራቸው፤ አልችልም።» እልኸኛ ናት አልኩ። ግን ጋሼ ባለፈው ሲመጡ ያማረሩት አንድ ነገር ነበር፤ ደረጃውን። «ይኼ ደረጃ ይጮሃል፣ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ቤቱ ሊወድቅ ነው» ብለው ነበር። እኔም አሰብኩ። ቤቱን እንከን የለሽ አድርጌ ብጠብቃቸው ምን ይላሉ? ስህተቱ ከታረመ ገጹ ይታተማል።

በዚያው ሳምንት የአክስታችን ልጅ መጥታ እትዬን ለሁለት ቀን ወሰደቻት፤ አክስታችን አሟት ነበር። ክንዷን ይዛ ስትወጣ አየሁና «ምን ያህል ይዋደዳሉ» አልኩ። መንገዱን እንደታጠፉ አናጢውን ጠራሁት።

አናጢው ከደረጃው ሥር ገብቶ ሲያንኳኳ ዋለ። ሽብልቅ አስገባ፣ ማጣበቂያ አፈሰሰ፣ ረጃጅም ብሎን አጠበቀ። ሲወጣ ጺሙ ሁሉ የእንጨት ብናኝ ነበር። «ይኸው፣ ምላሱን ቆረጥኩልህ» አለኝ። ወጣሁ፣ ወረድኩ። ተረከዜን አስቀድሜ፣ ጫማዬን አድርጌ፣ እየዘለልኩ ጭምር። ምንም የለም። እንደ ትራስ ነው። ዐሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጋሼ በማግስቱ አመሻሽ ላይ ደረሱ። እትዬም ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰች፣ ሳመቻቸው፣ ተጨዋወቱ፤ ከዚያ ደክሟት ስለነበር ከኩሽናው ጎን ወዳለች ክፍሏ ገባች። ስለ ደረጃው አልነገርኳትም። ጠዋት ራሷ ትየው ብዬ ነው።

ጠዋት ጓሮ አንሶላ አስጥቼ ስገባ የምግብ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ቀያሹ የስኳሩን ዕቃ በጣቱ ያሽከረክራል። ሰሞኑን ያገቡት ሙሽሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ጉሙን ያያሉ። ጋሼ ለኩሽናው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል፣ ሰዓታቸውን ሁለቴ አዩ። የሚናገር የለም። ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ማር አለ፤ ሻይም እንቁላልም የለም።

ኩሽና ገባሁ። እትዬ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ውሃው ሌላውን ድምፅ ሁሉ እየዋጠ ይንተከተካል። በቀኝ እጇ እንቁላል ይዛለች፤ አንገቷን ወደ ደረጃው ዘንበል አድርጋለች፣ ፊቷ ሕልም ላይ ያለ ሰው ፊት ነው።

«ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሁለት ሰዓት አለፈ፣ አንድም ሰው አልወረደም።»

በሩ ክፍት ነበር። ከእሷ እስከ ጠረጴዛው አምስት እርምጃ ነው። አራቱም ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል።

ክው አልኩ። የወንበሩ ስንዝር፣ የጨው ቦታ፣ የመዝገቡ ንባብ፣ የአክስታችን ልጅ ክንድ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጎደለ ነጥብ ስፈልግ የኖርኩ ሰው፣ ሦስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬ የእህቴን ዓይን አላየሁም። ልኳላት ብላ ዓይኗን አጠፋቻት ሲባል ሰምቼ ስቄ አውቃለሁ። ያን ጠዋት አልሳቅኩም።

«እትዬ» አልኳት፣ «ሁሉም ወርደዋል።»

እንቁላሉን ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። «ደረጃውን ምን አደረግኸው?» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አስጠገንኩት። ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ሐኪሙ ከነገረኝ ሦስት ዓመቱ» አለች። «መድኃኒት የለውም። ከዳር ጀምሮ እየጠበበ መጣ። አሁን የቀረኝ የመስኮቱ ብርሃንና የሰው ጥላ ነው፤ በጉም ቀን እሱም የለም።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ስማኝ፣ እዚህ ቤት ምንም አልጎደለብኝም። ማን እንደተነሳ፣ ማን እንዳዘነ፣ ማን እንደቸኮለ እሰማለሁ። እኔ የምታወረው ጋሼ ቤት የገባሁ ቀን ነው።»

እንባዬ መጣ። ግን የማለቀሻ ጊዜ አልነበረም፤ አራት ሰው ቁርሱን ይጠብቃል፣ አንዱ ደግሞ ቤቱን ሊዘጋ የመጣ ነው። «እንቁላሎቹን ክተቻቸው» አልኳትና ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃው እኔ ሆንኩ። ጠዋት ከሁሉም በፊት ተነስቼ ከደረጃው ሥር ጋዜጣ ይዤ እቆማለሁ። አንድ ጫማ ሰባተኛው ላይ ሲያርፍ ድምፄን እለቅቀዋለሁ፦ «እንዴት አደሩ፣ ቀያሽ።» «ሙሽሮች፣ እንዴት አደራችሁ፣ ሁለታችሁም ናችሁ?» «ጋሼ፣ ደህና አደሩ?» መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ደህና ነኝ ይለኛል። ኩሽና ውስጥ እንቁላሉ ውሃ ሲነካ እሰማለሁ፤ ያኔ እኔም እተነፍሳለሁ።

«ምነው እንዲህ ትጮሃለህ?» አሉኝ ጋሼ በሁለተኛው ቀን።

ሌላ ውሸት አልመጣልኝም። «ጆሮዬ ነው ጋሼ፤ ደከም ብሏል። የራሴ ድምፅ አይሰማኝም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ይባላል፤ የእኔ ጆሮ ደግሞ ለቤተሰቡ ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። ሙሽራዋ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ «ቅቤ ያቀብሉኝ» እያለች ትጮሃለች። ቀያሹ በእጁ ያወራኛል፤ ሻይ ለማለት አየሩ ላይ ብርጭቆ ይሥላል። እትዬ ኩሽና ሆና ሳቋን በፎጣ ታፍናለች። በዚያ ፍራቻ መሐል፣ እውነቴን ነው፣ ከልጅነታችን ወዲህ እንዲህ ተደስተን አናውቅም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ መስኮቱ አጠገብ አንሶላ አጥፋለሁ፣ ጋሼና እትዬ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ጋሼ ትናንት ማታውን ሁሉ ስለ አዲሷ የልጅ ልጃቸው ሲያወሩ ነው ያመሹት። አሁን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ፎቶ አውጥተው ሰጧት። «እስኪ ይቺን ተመልከቺልኝ።» እኔ ካለሁበት የሚታየኝ የፎቶው ጀርባ ነው።

ልቤ ቆመ። እትዬ ፎቶውን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ ቆየችበት፣ ፈገግ አለች። «ቁርጥ እርስዎን» አለች።

ጋሼ ፎቶውንም እሷንም አዩ። «ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል» ብለው ፎቶውን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ልቤ ቦታው ገባ። ብልጥ ናት አልኩ፤ ጨቅላ ሕፃን ማንን አይመስልም?

የሳምንቱ መጨረሻ ደረሰ። ጋሼ ያን ጠዋት ቁርስ ላይ ቃላቸውን ሊሰጡ ነው፤ ማታ «ነገ እንነጋገራለን» ብለው ነው የገቡት። እንደ ልማዴ ጋዜጣዬን ይዤ ከደረጃው ሥር ቆሜ ሳለሁ ከላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «ሂድና ትኩስ ዳቦ አምጣ» አሉኝ።

«ዳቦማ አለ፣ ጋሼ።»

«ትኩስ ነው ያልኩህ።»

ለጋሼ እምቢ አይባልም። በሩጫ ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ግን ሰልፍ ነበር፣ ጉሙም የሰልፉን ጫፍ ውጦታል። እዚያ ቆሜ እትዬን በዓይነ ኅሊናዬ አየኋት፤ እንቁላሉን ይዛ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ምንም የማይናገር ደረጃ ስታዳምጥ። ጋሼ ቁጭ ብለው ሲያዩዋት ታየኝ። ስመለስ በንጣፉ ላይ ሁለቴ አዳለጠኝ።

በሩን ከፍቼ ስገባ ቤቱ ይናወጣል። ጋሼ እየወረዱ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደ ድመት የተራመዱ ሰው፣ በር ሲዘጋ የሚሰቀጥጣቸው ሰው፣ ከባዱን የመንገድ ጫማቸውን አጥልቀው፣ መደገፊያውን ይዘው፣ ተረከዛቸውን ያወርዱታል። ጧ። ጧ። ጧ። ሙሽሮቹ ከላይ በር ከፍተው ደንግጠው ያያሉ። ጋሼ ሰባተኛው ላይ ደረሱ፣ ቆሙ፣ እግራቸውን አንስተው ሁለት ጊዜ ረገጡት። ኩሽና ውስጥ እንቁላሉ ጠብ ሲል ሰማሁ።

ወደ እኔ አላዩም። የጓሮውን በር ከፍተው ሰማዩን አዩ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሻያቸውን ቀዱ። ሁለቴ ፉት እንዳሉ እትዬ እንቁላሉን አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠችው፤ ሳህኑ ጠረጴዛውን ሲነካ ድምፅ እንኳ አልተሰማም። ጋሼ ልጠው ቀመሱ። እስኪያልቅ በሉት።

«ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለዚያች እቤቴ ላለች ክፍል ሌላ ሰው እፈልግላታለሁ።»

እትዬ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ሻይ ይጨመር?» አለች።

ሻንጣቸውን እስከ ግንቡ በር ተሸከምኩላቸው። መኪናቸው እዚያ ነው የሚቆመው። ጋሼ በቀስታ፣ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል፣ «ጫማህ ተፈቷል» አሉኝ። ጎንበስ አልኩ። ጫማዬ እንደታሰረ ነው። ቀና ስል እየሳቁ ነበር።

«ጆሮህስ ከእኔ ይሻላል» አሉ። ከዚያ ፎቶውን አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። ሕፃን የለችበትም። እናታችን ናት፣ በወጣትነቷ፣ ደረጃው ሥር ቆማ፣ አንድ እጇን መደገፊያው ላይ አድርጋ። «ቁርጥ እርስዎን አለችኝ። አልተሳሳተችም እኮ፣ እናቴን እመስላለሁ።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። የእኔ ቤት ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ነው። እዚያ ምን ትሰማለች?»

መኪናው ጉሙ ውስጥ ገባ። እኔ ፎቶውን ይዤ ቆምኩ፤ ከዚያ በቀጥታ አናጢው ዘንድ ሄድኩ።

አናጢው መጀመሪያ የምቀልድበት መሰለው። «ሰው ዝም አሰኝልኝ ብሎ ይከፍለኛል፤ እንዲጮህ አድርግልኝ ያለኝ አንተ ነህ» አለኝ። ከደረጃው ሥር ገባ። ብሎን ያላላል፣ ሽብልቅ ያወጣል፣ እኔ እረግጣለሁ፣ እትዬ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ትፈርዳለች። «ገና ነው።» «ይኼ የአምስተኛው ድምፅ ነው።» «በዛ፤ አሳማ አደረግኸው እኮ።» አናጢው ከሥር ሆኖ ፈጣሪውን ይጠራል። እየጠበቅን ለእትዬ ፎቶውን አነበብኩላት፤ የእናታችንን ቀሚስ፣ የእጇን አቀማመጥ፣ ከኋላዋ የሚታየውን ደረጃ። የጋሼንም ቃል ነገርኳት፤ ማወቃቸውን።

«አውቄያለሁ» አለች። «እንደ ድመት የኖረ ሰው እንደ በሬ ሲወርድ ለማን ብሎ መሰለህ?»

አናጢው «አሁን ሞክሩት» አለ። እትዬ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች፤ እኔ እስከ ላይ ወጣሁ። ጉሙ ለቆ ነበርና ብርሃኑ በአረንጓዴው መጋረጃ አልፎ ደረጃው ላይ ተኝቷል። መውረድ ጀመርኩ። ሁለተኛው አቃሰተ። ወደ ሰባተኛው ስደርስ እግሬን ቀስ ብዬ፣ የተኛ ሰው እንደማልፍ ሆኜ አሳረፍኩት።

ሲጢጥ አለ።

«አንተ» አለች እትዬ ከውስጥ፣ «ዛሬ በጣትህ ነው የረገጥከው። እንቁላልህ ለስለስ ይበልልህ?»

እዚያው ሰባተኛው ላይ እንደቆምኩ፣ «ለስለስ ይበል» አልኳት።